ጆሮዋን ያልነካችው ልጅ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይችን እዘልላታለሁ። ዛሬ ለእርስዎ፣ ለአንባቢዬ ልናዘዛት።

በደርግ ዘመን ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ልጅ ለትምህርት መድረሱን የምናውቀው በእጁ ነው። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ይመዘገባል፤ ካልነካ ይመለሳል። ለእኔ ቀላል ሥራ ነበር።

እንድሪስ የሚባል ገበሬ ሁለት ልጆቹን፣ ሰይድንና ዘሃራን፣ ይዞ መጣ። ሰይድ ጆሮውን ነካ፤ መዘገብኩት። የዘሃራ ጣቶች ግን ሳይደርሱ ቀሩ። ሆዷ የተነፋ፣ ዓይናር የማይለያት፣ ከወንድሟ ትከሻ የማታልፍ ልጅ ናት።

«ወላሂ መምህር፣ ታላቋ እሷ ናት» አለ እንድሪስ። «ኩፍኝ ጣላት፤ ከዚያ ወዲህ ተቅማጡም ወስፋቱም አልለቅ ብሏት ነው የቀጨጨችው።»

«ታዲያ ታናሿ እንዴት ቀደማት?» አልኩና ሳቅሁ። ወረፋ የያዘው ወላጅም ሳቀ። እሷን ደግሞ፣ «ሂጂ፣ በልተሽ ነይ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት።

እንድሪስ እንደማይዋሽ አውቅ ነበር። የምናዘዘው ይህንን ነው። የክፍሌን ግማሽ ልጅ በሽታ አቀጭጮት እያየሁ፣ ዘሃራን ምን እንዳገኛት ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ክፍሉ ሞልቶብኝ ሰው የምመልስበት ሰበብ ስፈልግ አጭር እጇ ተመቸኝ። በሚቀጥለው ዓመትም መለስኳት፤ ያን ጊዜስ እጅሽን አንሺ እንኳ አላልኳትም።

እሷ ግን ምን አደረገች ይመስልዎታል? ገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ከእናቷ ጋር መሠረተ ትምህርት ገባች። ከባልቴቶች መሀል ተቀምጣ፣ ትኩሳት ሲይዛትም ነጠላ ተከናንባ፣ አንድ ቀን አልቀረችም አሉኝ። በሦስተኛው መስከረም ብቻዋን መጣች። ጠረጴዛዬ አገጯ ድረስ ነበር። እጇን አላነሣችም። መዝገቤን ከወዲያ በኩል ቆማ፣ ፊደሉ ተገልብጦባት፣ ስም በስም አነበበችው። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «የኔ የለበትም፤ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

ጻፍኳት። እንደዚያች ልጅ ያለ ልበ ሙሉ ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ክፍል እያጠፈች ወንድሟን ደረሰችበት፣ አለፈችውም። እኔም በሄድኩበት ሁሉ «ተማሪዬ ናት» እያልኩ ኮራሁባት። ሁለት ዓመት ከደጅ እንደመለስኳት ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ዘሃራ ዛሬ ውጫሌ አስተማሪ ናት፤ ቁመቷ ደረቴ ድረስ ቢሆን ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ ቤቷ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝና ለልጆቿ፣ «ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው» አለች። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ እንዳልሆንኩ እሷም ታውቃለች። እኔ ግን ሁለቱንም ጊዜ ምስጋናዋን ተቀብዬ፣ ይቅርታውን ሳልጠይቃት ወጣሁ።