በቦርጭ የተገኘ ወንበር

የሉማሜው ልብስ ሰፊ እንዳላማው እስከ ጎልማሳነቱ ማብቂያ ድረስ ቀጭን፣ ፈጣንና ለፍላፊ ነበር። ከሦስቱ አንዱም ለክብር አይበጅም። ደንበኛ ስለ ሱሪው ርዝመት ሲጠይቀው እሱ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ተበላሸው መንገድ፣ ስለ ጎረቤት ክስ ይመልሳል። የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። በእድር ስብሰባ እጁን ሲያወጣ ሰብሳቢው ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። «አንተ ደግሞ፣ ቁጭ በል!» ይሉታል፣ በዕድሜ የሚያንሱት ሳይቀሩ። ሳምንት ቆይቶ ያንኑ ሐሳብ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲናገረው ግን ቤቱ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል።

እንዳላማው በሕይወቱ የተመኘው አንድ ነገር ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር፣ የአገር ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ አንድ ቦታ። ያገኘውም በምላሱ አይደለም።

አንድ ክረምት ላይ ሆዱ መነፋት ጀመረ። መጀመሪያ የሽሮው ጥፋት መስሎት ነበር። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ጠየቀ፤ ከዚያ ሌላ ጠየቀ፤ በመጨረሻ እንዳላማው ቀበቶውን ትቶ የሱሪዎቹን ወገብ ሁሉ በላስቲክ ቀየረ። ፊቱ ተድቦለቦለ። ብርድ ስለማይለቀው በሚያዝያ ፀሐይ ጋቢ ደርቦ ይቀመጣል። ድምፁ ጎረነነ፤ ቃሉም ዘገየ። ሰው ሰላም ሲለው መልሱ የሚመጣው ሰውየው መንገዱን ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ነው።

ሉማሜ ከተማ ይህን ሁሉ አየች፤ ወደደችውም። «እሰይ፣ ደላህ እኮ! ሰውነት አወጣህ!» አሉት። ጋቢው ጨዋነት ተባለ፤ የጎረነነው ድምፅ ግርማ ሞገስ፣ የዘገየው መልስ ብስለት። «አንተ» ቀርቶ «እርስዎ» መጣ፤ ስሙ ላይም «አያ» ተቀጠለ። በኅዳር የሽማግሌዎቹ አውራ አቶ አካለ ወልድ ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጥተው፣ «አያ እንዳላማው፣ እንደ እርስዎ ያለ የረጋ ሰው እያለ እኛ ብቻችንን ምን እንሠራለን?» አሉት። እንዳላማው ቃል እየፈለገ ሳለ ዝምታውን ከትሕትና ቆጥረው፣ እጅ ነሥተው ሄዱ።

አግዳሚው ላይ አዲሱ ሽማግሌ ጉድ ተባለለት። ባላጋራዎች ሲጯጯሁ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እውነቱን ለመናገር ይተኛል። ድንገት ነቅቶ «እህ…» ሲል ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። «አያ እንዳላማው እህ ብለዋል፤ ነገሩ አለቀ!» እየተባለ ስንቱ ታረቀ።

ያልተደሰተችው ሚስቱ የብርጓል ብቻ ናት። አግዳሚ ላይ ግርማ ያለው ሰው ቤት ሲገባ ያቃስታል። የሆድ ድርቀት ያሠቃየዋል፤ መቀስ ሲይዝ እጁ ይዝላል፤ የቅንድቡ ጫፍ ረግፏል።

«ይሄ ድሎት አይደለም» አለችው አንድ ቀን። «የማበላህ እኔ ነኝ። ሁለት ጉርሻ ጎርሰህ ትተኛለህ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሆድ ከየት መጣ?»

ከተማው በሙሉ ይህን ጥያቄ አልጠየቀም። በነጋታው አውቶቡስ ላይ አሳፍራ ደብረ ማርቆስ ወሰደችው።

ሐኪሟ ሕሊና የምትባል ወጣት ነበረች። አንገቱን ዳሰሰች፣ ደሙን አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ፣ «ጋሼ፣ ችግሩ የጀመረው ከሆድዎ አይደለም። አንገትዎ ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይድ የምንለው፣ ሥራውን አቁሞ ሊተኛ ነው» አለችው።

«እንቅርት? እኔ? የት አለ?» አንገቱን እንደ ዝይ አወጣላት።

«እንቅርት ሳያወጣም ይሰንፋል። እሱ ሲሰንፍ ሰውነት ሁሉ አብሮ ይሰንፋል። ብርዱ፣ እንቅልፉ፣ ድምፁ፣ የሆድዎ መነፋት፣ ክብደቱ፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ዝም ከተባለ ልብ ላይ ይደርሳል፤ ይገድላል። ይህን ኪኒን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ይውጣሉ፤ ዕድሜ ልክዎን። በወራት ውስጥ እብጠቱ ይጎድላል።»

እንዳላማው ቦርጩን ዳበሰ። «ሆዱ… ሁሉም ይሄዳል?»

«አብዛኛው።»

«ትንሽ እንኳ… ለአግዳሚ የሚሆን… አይተርፍም?»

ሕሊና ቦርጩን እንድታተርፍለት የሚለምን በሽተኛ ገጥሟት አያውቅም። የብርጓል ግን ኪኒኑን ተቀብላ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው፤ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ውኃ ይዛ ራስጌው ትቆም ጀመር።

የሚቀጥለው ዓመት በጋ ሲጋመስ እንዳላማው ነቃ። ጋቢው ወደቀ፣ ቀበቶው ተመለሰ። አግዳሚው ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚለውን ሰማ።

የዚያን ቀን የቀረበችው ወለተ ሚካኤል ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ወንድም ድንበሯ ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ ማሳዋን አድርቆባታል።

«ይሄ እኮ አምና ያለቀ ነገር ነው» አሉ አካለ ወልድ። «አያ እንዳላማው ባሉበት፣ ዛፉ ይቁም ተብሎ ታርቃችሁ የለም ወይ?»

ወለተ ሚካኤል ወደ እንዳላማው ዞረች። «እኔም ዝም ያልኩት እርስዎን አይቼ ነው። እርስዎ ዝም ሲሉ፣ ያጠፋሁ እኔ መሰለኝ።»

እንዳላማው ላብ አጠመቀው። እንዲህ ያለ እፍረት አያውቅም።

«ተኝቼ ነበር!» አለ ከመቀመጫው ተነሥቶ። «አልፈረድኩም፤ ተኝቼ ነበር! በሽተኛ ነበርኩ እኮ፣ እናንተ ሰዎች! ዛፉ ይነቀል፤ የሚጠጣው የሷን መሬት ነው፤ ይሄን ለማወቅ ሽማግሌ መሆን ያስፈልጋል?» ከዚያም ስለ ሥሩ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ አባወራው ኑዛዜ እንደ ድሮው ለፈለፈ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሰውየው ቀለለ» አለ አንዱ በሹክሹክታ። «ከከሳ ወዲህ ነው» አለ ሌላው። ስለ ዛፉ የተናገረ የለም። ወለተ ሚካኤል ግን «ተኝቼ ነበር» የሚለውን ቃል ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች፤ እንዳላማውንም ምስክር ቆጠረችው።

ለሚቀጥለው ሽምግልና ጠሪ አልመጣም። «አያ» ከስሙ ላይ ወረደ፤ «አንተ» ተመለሰ። በበሽታው ላይ ይህ ሲጨመርበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነበት፤ አመመው፣ ከሆዱም ይልቅ አመመው። «ሱቅ ደርሼ እውጠዋለሁ» እያለ የብርጓልን ያታልልና ኪኒኑን ደረት ኪሱ ውስጥ ይጥላል። ሆዱ ከተመለሰ ወንበሩም መመለሱ አይቀርም ብሎ ነው።

ኪሱ በኪኒን በከበደበት አንድ ማለዳ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መሳፍንት ኮት ሊያሰፋ መጣ። በእንዳላማው ቦታ የተተካው እሱ ነበር።

«ለአግዳሚው የሚመጥን ይሁን» አለ በጎረነነ ድምፅ።

እንዳላማው ሜትሩን ወገቡ ላይ አዞረና እጁ ቆመ። መሳፍንት ፀሐይ ሞቆ ሳለ ጋቢ ደርቧል። ፊቱ ተድቦልቡሏል፤ የቅንድቡ ጫፍ የለም። ሲነኩት እጁ ቀዝቃዛ ነው። እየተለካ ሳለም ቆሞ አንቀላፋ። እንዳላማው የገዛ ራሱን ያየ መሰለው፤ ፈራ።

«መሳፍንት፣ ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ አብረን እንሂድ። ይሄ ድሎት አይደለም፣ በሽታ ነው። እኔን ሊገድለኝ ነበር።»

መሳፍንት ዓይኑን ቀስ አድርጎ ገለጠ። ቃል እስኪያገኝ ቆየ።

«ቀናህብኝ?» አለው።

እንዳላማው ሜትሩን አስቀመጠ። ቁርስ ገና አልቀመሰም ነበር፤ ከኪሱ አንድ ኪኒን አውጥቶ በጣሳ ውኃ ዋጠው።

«ያከሳህ እሱ ነው?»

«ያነቃኝ ነው።»

«ጠላቴ ይዋጠው» አለ መሳፍንት ጋቢውን እያስተካከለ። የበሩን ደፍ ሊሻገር ሲል ቆም አለና ዞረ። «ኮቱን ሆዱ ላይ ሰፋ አድርገህ ስፋው። ገና እጨምራለሁ።»