የዋልረስ እናት ልጇን አታስርም

መቀነቱ ሲወጠር ነው አደጋው የገባኝ። የገና ዕለት ጠዋት ነው። በዓለቱ ውስጥ በተፈለፈለው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከየአገሩ ከመጣው ምእመን ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየወረድን፣ ትንሿ ልጄ ከኋላዬ ነበረች። እንዳትጠፋብኝ ብዬ የመቀነቴን አንድ ጫፍ ከእጇ አንጓ አስሬ፣ ሌላውን ከእጄ ጠምጥሜዋለሁ። እኔንም እናቴ በገና እንዲሁ እያሰረች ነው ያሳደገችኝ።

ከላይ ከዓለቱ አፋፍ የሆነ ነገር እየተንኳኳ ወረደ። ባዶ ጀሪካን መሆኑን ኋላ ነው የሰማነው። "ድንጋይ! ድንጋይ ተናደ!" አለ አንዱ። ሕዝቡ ባንዴ ተጋፋ። ግፊያው እኔን ወደ ፊት፣ እሷን ወደ ጎን ወሰደን። "እማዬ፣ እጄን!" ስትል ሰማኋት፤ አላየኋትም።

እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ነኝ፤ ስለ አውሬ የማውቀው ጅብና ጭላዳ ነው። ግን በዋዜማው ትልቋ ልጄ በስልኳ ዋልረስ የሚባል የበረዶ አገር የባሕር እንስሳ አሳይታኝ ነበር። ቆዳው የተሸበሸበ፣ ስቡ የተቆለለ፣ ወንዱም ሴቷም ሁለት ረጃጅም ጥርስ ወደ ታች ያወጡ።

"በዚህ ጥርሱ ቆሎ እንዴት ይቆረጥማል?" አልኩ።

"ቆሎ ከየት አምጥቶ፣ እማዬ! በጢሙ የባሕሩን ወለል እየዳበሰ፣ ዛጎል ውስጥ ያለውን ሥጋ ነው የሚመጠምጠው።"

በቪዲዮው ላይ ዋልረሶቹ ባሕሩ ዳር ተደራርበው ሲተኙ "ያው የገና እንግዶቻችን" ብላ ሳቀች። ወዲያው አንድ ነገር ኮሽ አለና ሁሉም ወደ ባሕሩ ተተራመሱ፤ ግልገሎች ከሥር ቀሩ።

"ሲደነግጡ እንዲህ ይረጋገጣሉ፤ የሚያልቁት ትንንሾቹ ናቸው። ነገ ትንሿን ከላይ ሜዳው ላይ ከእኔ ጋር ተያት" አለችኝ።

"እኔ ሰው ነኝ፣ ያንቺ አውሬ አይደለሁም!"

ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያ ግፊያ መሃል፣ መቀነቱን ብስበው ትወድቃለች፤ ብለቀው ትጠፋለች። ሳብኩት። ከጎኔ የነበሩ አንዲት እማሆይ እጄን ያዙ።

"አትጎትቻት! ሂጂላት!"

"ትጠፋብኛለች፣ እማሆይ!"

"የታሰረ አይጠፋም፣ ይረገጣል እንጂ! ሂጂ!"

መቀነቱን ተከትዬ በሰው ብብት ሥር ሾለክሁ። በጉልበቷ ተንበርክካ አገኘኋት፤ መቀነቱ ከሰው እግር ተጠላልፎ አንጓዋን ቆርጦ ሊጥለው ደርሷል። ቋጠሮው እምቢ ቢለኝ በጥርሴ ፈታሁት። ያን ጊዜ ትልቋ ያሳየችኝ አንዲት እናት ዋልረስ ትዝ አለችኝ፤ ግልገሏን በመቅዘፊያዎቿ ደረቷ ላይ ለጥፋ ነበር የምትዋኘው። መቀነት የላት፣ ምን የላት። ልጄን ደረቴ ላይ ለጠፍኳትና ፊቴን ወደ ዓለቱ፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጠሁ። የመታኝ መታኝ፣ የረገጠኝ ረገጠኝ።

ሰው ሲሳሳ ተሸክሜያት ወጣሁ። መቀነቱን እዚያው ተውኩት። የአንጓዋ ሰንበር ግን ከእኛ ጋር ወጣ፤ ባየሁት ቁጥር ዓይኔን እሰብራለሁ።

ሜዳው ላይ ትልቋ ልጄ እየሮጠች መጣች።

"ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን" አልኳት። "ወጥተናል፤ ሁለታችንም ደህና ነን።"