ከመካከል የጎደለችው ንግሥት

በ2010 ዓ.ም.፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ኦስሎ ውስጥ ያደረግኩት ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ለእናንተ ግን እናገራለሁ።

ሃውገሩድ በሚባለው ሰፈር፣ አስትሪድ የሚባሉ አሮጊት ቤት አጸዳ ነበር። ልጄ ባርነሃገ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት፣ ቦታ እስክታገኝ ይዣት እንድመጣ ፈቀዱልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ያለ እሳቸው ሥራም አይኖረኝም ነበር።

አስትሪድ የጥንት ሮማውያን የብር ሳንቲሞች ነበሯቸው፤ በቀይ ከፋይ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ በየጎድጓዳቸው ተደርድረዋል። በአንዱ ፊት ንግሥት፣ በጀርባው ሴት ጣዖት። «እመቤቶቼ እራት አምጪ አይሉኝም» እያሉ ይስቁ ነበር። የመካከሏን በየጠዋቱ በጣታቸው ይዳብሷታል። ከሞተች በኋላ ሕዝቡ አምላክ ብሎ የሰገደላት ንግሥት ናት አሉኝ።

ያን ሰሞን አስትሪድ ሁለት ጊዜ ወደቁ። ጣዖቷ ናት የጣለቻቸው አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። ሳንቲሟን ሰረቅኩ። አማተብኩና ወንዝ ውስጥ ወረወርኳት። ውለታ የመለስኩ መሰለኝ።

መጥፋቷን ወዲያው አወቁ። ሴት ልጃቸው መጣች።

«እዚህ ነበረች» አሉ፣ ባዶውን ጎድጓዳ እያሳዩ።

«ማማ፣ መነጽርሽንስ ፍሪጅ ውስጥ አይደል ያገኘነው?» አለች። ወደ እኔ ዞረች፤ «እዚህ ቦታ ላይ ሳንቲም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አስትሪድ አዩኝ። «ንገሪያት እንጂ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አላየሁም» አልኩ።

አስትሪድ ሣጥኑን ዘጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንግዲያስ አእምሮዬ ነው» አሉ። ልጃቸው ስለ አረጋውያን መጦሪያው፣ ስለ ሲከየሙ ማውራት ጀመረች። ሁልጊዜ እምቢ ይሏት ነበር፤ ያን ቀን አልተከራከሯትም።

እውነቱን ብናገር ሌባ ነኝ፤ ልጄን ይዤ የት እገባለሁ? ዝም ብል ጤነኛ ሰው ጤናውን እንዲጠራጠር አደርጋለሁ። ጸለይኩ። ምን ብዬ? እንዳልያዝ።

ሳንቲሟን የወረወርኩት ለእሳቸው ብዬ ነው ልል እችል ይሆናል። ለቀረው ግን ምክንያት የለኝም፤ አልፈልግምም።

በማግስቱ ጠዋት በሰዓቴ ገባሁ። አስትሪድ ተኝተው ነበር። ሣጥኑን ከፈትኩ። ከባዶው ቦታ ወዲያ ያሉትን ንግሥቶች አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ መካከል አስጠጋኋቸው፤ ባዶው ጎድጓዳ ገና ሳንቲም ያልተገዛለት መስሎ ጫፍ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀሰቀስኳቸውና፣ «እስቲ ደግመው ይዩት» አልኳቸው።