ግንባሬ የተዘጋበት መኸር

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሳይነስ ያዘኝ ብላ፣ ጋቢ ተከናንባ የፈላ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስትታጠን፣ ሽታው እኔ ወደ ተቀመጥኩበት መጣ። ልጆቹ ፊቴ መለወጡን አይተው «እማማ፣ ድሮም ሳይነስ ነበር? እስቲ ይንገሩን» አሉኝ። ነበር፤ ያልነበረው ስሙ ነው። ወሬዬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ታገሱኝ።

ያኔ ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ከወንዙ ማዶ ነበር የምንኖረው። ጣሊያን መንገድ ለማሳለፍ ጣርማ በር ላይ ተራራውን ይቦረቡር ነበርና፣ አባቴ ድንጋይ ሊሸከም እየወጣ ቤቱ ለእናቴና ለእኔ ይቀር ነበር። ክረምቱ ሲያበቃ ወርዶ አንድ ቀን አደረና እናቴን «ማሽላው ኢንሻአላህ በደህና ከገባልን፣ ወደዚያ ጉድጓድ አልመለስም» ብሏት ሄደ።

በመስከረም ጉንፋን ያዘኝ። ሌላው ልጅ ታሞ ሲድን የእኔው አልለቅ ብሎ ቅንድቤ ላይ ተቀመጠ። ጎንበስ ስል ግንባሬ ውስጥ ድንጋይ የሚንከባለል ይመስለኝ ነበር፤ አፍንጫዬም ተዘግቶ ድምፄ ታፈነ። እናቴ ነጋዴ ከደብረ ሲና ያወረደውን የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ታጥነኝ ነበር፣ ለአንድ ቀን ቀለል ይለኝና ተመልሶ ይዘጋል። ቤታችን የመጣ ሁሉ ግንባሬን ጫን ጫን እያደረገ አንዱ ብርድ ነው፣ ሌላዋ ዓይን ነው ትል ነበር፤ እኔን ራሴን የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ማማ ላይ ወጣሁ። በእኛ አገር ግሪሳ ወፍ የሚጠበቀው በቅብብል ነበር፤ መንጋው ከአንዱ ማሳ ሲነሳ የዚያ ማማ ጠባቂ ትጮሃለች፣ ቀጥላ ያለችው ትቀበላታለች፣ እንዲህ እየተባለ ወፉ ማረፊያ አጥቶ ወንዙን ይሻገራል። ድምፅ የተቋረጠበት ማሳ ላይ ግን ይወርዳል። ቅብብሉ እኔ ጋ ሲደርስ ይቋረጥ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሰዓዳ ከማማዋ ላይ «ኧረ ዘይነባ፣ ማማሽ ላይ ቀፎ ሰቀሉ እንዴ? የምሰማው ንብ ነው» ትለኛለች። «ጆሮሽን ጥረጊ» እላታለሁ፤ እሱንም አትሰማኝም።

እናቴ ቢጨንቃት ዋግምት የሚያወጡ ሽማግሌ አስመጣች። ሰውየው ቢስሚላህ ብለው ግንባሬን በምላጭ ጫር ጫር አደረጉና፣ የበሬ ቀንድ ገጥመው በጫፉ ቀዳዳ አየሩን ሳቡት። ጥቁር ደም ወጣ። «አየሽ፣ የዘጋት ይኸው ነው። ከእንግዲህ እንደ ሙአዚን ትጣራለች። እንፋሎት ግን እንዳታስጠጊያት፣ ቁስሉ ያመረቅዛል» አሏት። እናቴም ቅጠሉን ወስዳ ጣለችው።

እኔም አምኜ በማግስቱ ማማዬ ላይ ወጣሁ። ሰዓዳ ጮኸች፣ ተቀበልኳት፤ ያው ንቡ ነበር። ግሪሳው እንደ ደመና ወረደ። እናቴ ቆርቆሮ እየደበደበች እስክትደርስ የማሳው ግማሽ ባዶ አገዳ ሆኖ ቀረ፤ በቀጣዮቹ ቀናትም ወፉ የተረፈውን ጨረሰው።

ኅዳር ላይ አባቴ አቧራ ለብሶ ወረደ። አገዳውን አየ፣ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሊያጫውተኝ ፈልጎ «ዘይኑ፣ ተራራው ሆዱ ባዶ ሆኗል። ውስጡ ሆነሽ ብትጣሪ ድምፅሽ እያስተጋባ የመንደር ሰው ሁሉ ድምፅ ይሆናል» አለኝ።

«እንግዲያ እኔ ልሂድልህና አንተ ቅር» አልኩት። ሳቀ፤ በነጋታው ግን አቀበቱን ተያያዘው።

በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ሲበረታ ግንባሬ በገዛ ራሱ ተከፈተ፤ ድምፄ ወንዝ ይሻገር ጀመር፣ ማሳው ላይ የሚጠበቅ ነገር ሳይኖር።

ዛሬ የልጅ ልጄ ታጥና፣ ክኒኗን ውጣ ትተኛለች፤ ድምፅዋን የሚጠብቅ ማሳ የለም። እኔን ያው ሕመም ካረጀሁ በኋላ ተመልሶ ያዘኝና ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ራጁን ለመስኮቱ ብርሃን ሰጥቶ፣ ከቅንድብና ከጉንጭ አጥንት ውስጥ ያሉትን ክፍት ቦታዎች አሳየኝ። «ጤነኛ ሲሆን ባዶ ነው፣ እማማ፣ አየር ብቻ ነው ያለበት። ራስን ያቀላል የሚል አለ፣ ድምፅን ያግዛል የሚልም አለ፣ እስካሁን አልተስማሙበትም» አለኝ። ከዚያ የግንባሬን ጠባሳ ዳበስ አድርጎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ደሙ የቆዳዬ ደም እንደነበረ፣ ምላጩም ቀንዱም እነዚያ ክፍሎች ጋ እንዳልደረሱ፣ በራቸው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ሆና በአፍንጫ በኩል እንደምትከፈት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወደዚያች በር ይሄድ የነበረው እናቴ የጣለችው ቅጠል እንፋሎት ብቻ ነበር።