የዘሐራን ፊት ለማብራት ከሾላ እስከ አትላስ

በ1989 ዓ.ም. ስድሳ አራት ዓመቴ ነበር። ቪዲዮ ካሜራ ይዤ ከሾላ ወደ አትላስ የወጣሁት ለሽርሽር አይደለም። ባለቤቴ ዘሐራ ጉሮሮዋን ታማ ዳነች፤ ድምጿ ግን እንደ ወንድ ጎረነነ። ጅዳ ያለችው ልጃችን ሰአዳ በስልክ ስትሰማት፣ «ይቺ እናቴ አይደለችም፤ አክስቴን ነው ያቀረባችሁልኝ። መርዶ እየደበቃችሁኝ ነው» ብላ አለቀሰች። ምን ታድርግ? እኛ አገር ለራቀ ሰው መርዶ ይደበቃል። ካሜራ በሰው ላከችና፣ «ፊቷን ካላየሁ አላምንም» አለች። ካሴቱን የሚወስድላት መንገደኛ ደግሞ በማግስቱ ከሰዓት ይበራል።

ቀድሜ ቀርጬያት ነበር። በጎረቤት ቴሌቪዥን ብናየው ነጠላዋ ቦግ ብሏል፣ ፊቷ ግን ከሰል ነው! ሰአዳ ይሄን ብታይማ አለቀ፤ «ፊቷን ደበቁት» ትላለች።

«ነጠላውን አውልቂው!» አልኳት።

«ባዶ ራሴን? ሞቼ ነው!»

«እሱንማ ልጅሽም እያለች ነው» ብያት መላ ፍለጋ ወጣሁ።

ከሾላ ሃያ ሁለት

ካሜራውን በፎጣ ጠቅልዬ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ፣ «አባባ፣ ዶሮ ከሆነ ወደ ኋላ!» አለኝ።

«ዶሮ አይደለም፤ ሚስቴ ናት» ስለው ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። መገናኛን አልፈን ሃያ ሁለት ወረድኩና በእግሬ ወደ አትላስ አቀናሁ። ግራ ቀኙ በባሕር ዛፍ አጣና የታሰረ አዲስ ፎቅ ነው፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም።

አትላስ

ጎረቤቴ የጠቆመኝ ሠርግ በቪዲዮ የምትቀርጸውን ገነትን ነው። አንድ ሆቴል ግቢ ሙሽሮች እስኪመጡ ሻይ ስትጠጣ አገኘኋት።

«አባባ፣ ጠዋት መጥቼ ልቅረጽልዎት?»

«አይሆንም። ልጄ የላከችው ለእኔ ነው።»

«እንደ አባቴ ደረቅ ነዎት!» ብላ ካሜራውን ተቀበለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው በራሱ ሲለካ ነጭ ከበዛበት፣ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ዓይኑን ያጠባል። ያኔ ፊት ይጠቁራል። «የእኛ ሰው ለክብር ነጭ እንደሚለብስ ይሄን የሠራው ሰውዬ መቼ አወቀ?» አለች። መድኃኒቱ፣ የሚቀረጸውን ሰው ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ አለማስቀመጥ ነው። ከዚያ ምስሉን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ብርሃኑን ፊት ላይ መለካት፣ እዚያው መቆለፍና ምስሉን ማራቅ። ቀለሙ ቢጫ እንዳይሆን ግን ከሁሉ በፊት ለካሜራው ነጠላውን ብቻ ማሳየት፤ ነጭ ምን እንደሆነ ይወቅ።

«ታዲያ ነጠላው ጠላት ነው ወዳጅ?»

«ለብርሃኑ ጠላት፣ ለቀለሙ ወዳጅ። በሉ ይሞክሩ!»

በሩ ላይ ነጭ ጋቢ የለበሰ ዘበኛ ነበረ። መጀመሪያ በካሜራው ባየው ጥላ ነው። ፊቱን ለክቼ፣ ቆልፌ፣ ምስሉን ባርቀው የጢሙ ሽበት ሳይቀር ወጣ!

«ያ ረብ! ፊት አለህ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን ሊኖረኝ ኖሯል?» አለ ዘበኛው ተቆጥቶ። ገነት ሻይዋን ልትደፋ ምንም አልቀራት።

ወደ ቤት

በመንገድ ሁሉ እንዳልረሳው በአፌ እየደገምኩ ገባሁ። ከጉዞው ይሄን ተምሬአለሁ፤ በራሱ ይሠራል የተባለ ዕቃ ዘሐራን ከነጠላዋ አይለይም። የምለያት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዘሐራን ደጃፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አስቀመጥኳት። ነጠላውን አሳየሁት፣ ፊቷን ለካሁ፣ ቆለፍኩ፣ አራቅኩ። ሰአዳ ሕፃን ሆና በጣሳ የፈነከተቻት የቅንድቧ ጠባሳ ጥርት ብላ ታየች። ዘሐራ ጣቷን ጠባሳዋ ላይ አድርጋ በዚያ በጎርናና ድምጿ፣ «ሰአዳ፣ ይቺ አክስትሽ ላይ አለች?» አለች።

ካሴቱን አውጥቼ ወደ መንገደኛው ቤት ሮጥኩ።