ሰው የሚያስፈራ ፊደል እጽፍ በነበረ ጊዜ

መሪጌታ ተክሌ ዘንድ ለሥራ የገባሁት የሃያ ዓመት ዲያቆን ሳለሁ ነው። ቤታቸው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። የእጅ ጽሕፈቴን ሰው ሁሉ ያመሰግነው ስለነበር ኮራ ብዬ ነው የሄድሁት።

ቁራጭ ብራና ሰጡኝና «ስምህን ጻፍ» አሉኝ። ጻፍሁ። ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ለዳዊት ይሆናል። ለክታብ ግን አይሆንም። ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ የኔታ?»

«ደስ እንዳይለው አድርግ።»

የእሳቸው ሙያ ክታብ ነበር። የሕመምተኛው ቁመት ተለክቶ፣ በዚያው ልክ ብራና ይቆረጣል። ጸሎት ይጻፍበታል፣ ዐይን ይሣልበታል፣ ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና በአንገት ይታሰራል። ጋኔኑ አይቶት እንዲሸሽ ጽሕፈቱ ማስፈራት አለበት። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ የዋልሁት «መ»ን እየጻፍሁ ነው። ሁለቱን ክቦች እንደ ዐይን ከፍቼ በየመካከላቸው ነጥብ እንዳኖር ያዝዙኛል፤ እሳቸው በወስፌ ጫፍ እየነኩ ስሕተቴን ያሳዩኛል።

«ብሌኑ ወደ ጎን ካየ አያስፈራም። ፊት ለፊት ይይህ» ይሉኝ ነበር።

ሌላውን ቀስ በቀስ ተማርሁ። የፊደሉን እግር ሁሉ በትንሽ ክብ መዝጋት። ፊደሎቹን እስኪተፋፈጉ ማጠጋጋት። መስመሩን ወደ መጨረሻው ትንሽ ማዘቅዘቅ፤ የሚያየው ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ እግሩ ይከዳዋል። ጥቁሩ ቀለም ሳይደርቅ ቀዩን ማስጠጋት፤ ያን ጊዜ ቀዩ ወደ ጥቁሩ ይሰርጋል። የመቃ ብዕሬን እንኳ አጣምሜ መቅረጽ ለመድሁ።

አንድ ጊዜ ከንጉሡ ሠፈር አንድ ወታደር ክታቡን ሊወስድ መጣ። ጠባሳ የበዛበት፣ ሞት ያልፈራ የሚመስል ሰው ነበር። ብራናውን ስዘረጋለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ጠቅልለው፣ በማርያም» አለኝ። መሪጌታ በኋላ ትከሻዬን ነካ አድርገው «አሁን ጸሐፊ ሆንህ» አሉኝ። እኔም አመንኋቸው።

እሳቸው ሲያርፉ ሥራው ለእኔ ቀረ። ከአንበሳሜ ገበያ፣ ከጉና ሥር፣ ከየደጋው ሰው ይመጣልኝ ጀመር። ደብተራ ተባልሁ፤ በሰፈሩ ደብርም ማኅሌት እቆም ነበር።

አንድ የግንቦት ቀን የአገሩ ጭቃ ሹም በበቅሎ መጣ። አልወረደም።

«እርሻ ላይ የሚሰቀል ጽሕፈት እፈልጋለሁ» አለኝ። «ሌባ አስቸግሮናል። ያየው ሰው ሁሉ ወደዚያ ቤት እግሩን እንዳያነሣ አድርገህ ጻፈው።»

እርሻ ብሎ ጀምሮ ቤት ብሎ ጨረሰ። ሰምቻለሁ።

«የየትኛውን መልአክ ስም ላግባበት፣ ጌታዬ?»

«የማንንም አታግባ። ጸሎትም አይኑርበት። የሚያስፈራ ብቻ ይሁን።»

ቤቱ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሹም ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን፣ ማስፈራቱ ብቻ የሚፈለግ ሥራ ያዘዘኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረምና እጄን ልሞክረው ፈለግሁ።

የጥቁር ፍየል ሌጦ መረጥሁ፤ ጠጕሩንም ጠርዙ ላይ ተውሁት። የጸሎት ቃል ስለተከለከልሁ የግዕዙን ፊደል ገበታ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ጻፍሁት፤ ከ«ፐ» ተነሥቼ «ሀ» ላይ ጨረስሁ። ለእያንዳንዱ ክብ ዐይን አወጣሁለት። በመካከሉ አፍ የሌለው ፊት ሣልሁ። ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ስጨርስ ብራናውን በፊቱ ደፋሁት፤ እኔም ላየው አልወደድሁም።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ደጄ ቆመች። ወይዘሮ የሺ ትባላለች፤ ከጉና ሥር የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በረጅም ዱላ ጫፍ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አንጠልጥላ ነበር፤ ከሰውነቷ አርቃ ነው የያዘችው።

«ደብተራ፣ ፊደል የሚያውቁ እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለች። «ይህን ያንብቡልኝ። ምን እንዳደረግሁ ልወቅ።»

ጨርቁን ሳትፈታው ጠርዙን አየሁ። ጥቁር ጠጕር።

«የት አገኙት፣ እሜቴ?»

«ከቤቴ መዝጊያ ላይ ተሰቅሎ። ከዚያ ወዲህ ደጄን የረገጠ ሰው የለም። መቀናጆዬ አያ ደሴ በሬውን ከበሬዬ ጋር አላጣምድም አለ። አንድ በሬ ይዤ እንዴት አርሳለሁ? ልጄ በትኩሳት ስትቃጠል ውኃ የሚያቀብለኝ አጣሁ። የጭቃ ሹሙ ወንድም ደግሞ ‹ርስትሽን ልቀቂና ነፍስሽን አድኚ› ይለኛል።»

«ልጅቱስ?»

«ተረፈች። ገብሱ ግን ካልተዘራ ሁለታችንም አንተርፍም።»

ብራናውን ዘረጋሁት። እሷ ዐይኗን ጨፈነች።

«ምንም አይልም» አልኋት። «ፊደል ገበታ ነው፤ ወደ ኋላ የተጻፈ።»

«ማን ጻፈው?»

ዝም ማለት ይቻለኝ ነበር። እሷ ግን ዐይኗን ገልጣ ቀለም የነካውን ጣቴን ታይ ጀመር።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

አልጮኸችም። ዱላዋን አነሣች፤ ትመታኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልመታችኝም።

«ለእኔ የነገሩኝን እሑድ በደጀ ሰላም ይንገሩ» አለች። «እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?»

ዓርብ ዕለት ለደብሩ አለቃ ሄጄ ተናዘዝሁ፤ በአደባባይ እንድናገርም ፈቀዱልኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ቅዳሜ ጭቃ ሹሙ ከሁለት ጋሻ ጃግሬዎች ጋር መጣ።

«አፍህን ብትከፍት ድግምተኛ ነው ብዬ ደብረ ታቦር አስረክብሃለሁ» አለኝ። «ድግምት የጻፈ እጅ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ።»

«ያዘዙኝ አንቱ ነዎት።»

«ማን አየ?»

ማንም አላየም። እጅ በአደባባይ ሲቆረጥ ያየንበት ዘመን ነበር። ስለዚህ እስኪነጋ ቀኝ እጄን በብብቴ ይዤ ተቀመጥሁ ብል አላጋነንሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃው ብራናውን በደጀ ሰላሙ ከቆመው ወይራ ግንድ ላይ አሰቀሉት። ሕዝቡ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

«ይህን የጻፈ ማን ነው?» አሉ አለቃው።

«እኔ ነኝ።»

«ማን አጻፈህ?»

«ጭቃ ሹሙ» አልሁ።

ጭቃ ሹሙ ሳቀ። «ይህ የሰው እጅ ሥራ ይመስላችኋል? በሴትዮዋ ላይ የወረደ መዓት ነው። ይህ ደብተራ አዝኖላት ይዋሻል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ከእኔ ይልቅ እሱን ያመኑ ይመስላል። አለቃው ባዶ ብራና፣ ቀንድ ቀለምና ብዕር አስመጡ። «እውነት የአንተ ከሆነ እዚህ ጻፈው» አሉኝ።

ተንበርክኬ ጻፍሁ። ፊደሎቹ ወጡ፤ ዐይኖቹም ወጡ። አለቃው ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጓቸው። አንድ ዓይነት ነበሩ። ከዚያ ጣቴን እያሳረፍሁ ጮክ ብዬ አነበብሁ። «ፐ፣ ፈ፣ ፀ፣ ጸ፣ ጰ፣ ጠ...» «ጠ» ላይ ስደርስ ከዲያቆናቱ አንዱ ገባውና ቀጠለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። «ሀ» ብለን አብረን ጨረስን።

የወይዘሮ የሺ መቀናጆ አያ ደሴ ከሕዝቡ መካከል ወጣ። ሽበታም ገበሬ ነው። «እኔ ፊደል አላውቅም» አለ። «እናንተ ፊደል የምታውቁት ተማክራችሁ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ፊደል ብቻ ከሆነ ይጠጣው።»

ማንም አልሳቀም። ቀለም ታጥቦ መጠጣቱ ያለ ነገር ነው፤ በሽተኛ ይጠጣዋል። ይህ ግን ጸሎት አልነበረበትም። አለቃው አዩኝ። ውኃ በቅል መጣ። ከበሯ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ብራና አጠብሁት፤ ውኃው ጠቆረ፤ ከሥሩም ቀይ ደለል አቀረረ።

እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። ከጥላሸት፣ ከተቆላ ገብስና ከቅጠል በእጄ የበጠበጥሁትን ቀለም ፈራሁ። ያን ሁሉ ዐይን እኔ እንደሣልሁት እያወቅሁ ፈራሁ። በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት።

አያ ደሴ ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እናየዋለን» አለ። ሕዝቡም ተቀመጠ። ወይዘሮ የሺ ዱላዋን ጕልበቷ ላይ አጋድማ ከአጠገቡ ነበረች። ጥቂት እንደቆየሁ ሆዴ ተቋጠረ። ባቃስት እሷ እንደምትጠፋ አውቃለሁ። የወይራውን ሥር ጨብጬ ጥርሴን ነከስሁ። አንድ ጊዜ ሳልሁ፤ ከኋላ የነበሩት በአንድ ጊዜ ተነሡ። እንደገና እስኪቀመጡ ትንፋሼን ያዝሁ። ጭቃ ሹሙ አልተቀመጠም። እየቆየ በቅሎውን አስመጥቶ ሄደ።

የወይራው ጥላ አጥሩ ላይ ሲደርስ አያ ደሴ ተነሣና ልብሱን አራገፈ። «የሺ፣ ነገ በሬውን አመጣለሁ» አላት። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም።

ገብሱ ዘግይቶ ቢሆንም ተዘራ። ጭቃ ሹሙ በሹመቱ ቀረ፤ እኔን አሳልፎ ለመስጠት ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ማስዋሸት ነበረበትና ተወኝ። አለቃው ለአንድ ዓመት ማኅሌት እንዳልቆም ቀኖና ሰጡኝ። ወይዘሮ የሺ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታ ትሰጠኝ ነበር፤ ቤቷ ግን አንድም ቀን ጠርታኝ አታውቅም።

ክታብ የሚያጽፈኝ ጠፋ። ሰው የተጠጣ ፊደል አይፈራም። ዳዊት መገልበጥ ጀመርሁ፤ ጠማማውን እጄን ማቃናት ከመጀመሪያው ትምህርት ይልቅ ከበደኝ። ሁለት ዳዊት አበላሽቼ ሦስተኛው ተነበበልኝ።

ብዕር ለያዛችሁ የምለው አንድ ነገር ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ከጻፋችሁ፣ ሲጠይቃችሁ ቆማችሁ ታነቡለታላችሁ። ሥራው እዚያ ድረስ ነው።