በእናቴ ግራ በኩል ሦስት ቀን

ታናሽ ወንድሜ ከሚዛን ደውሎ እናታችንን ስትሮክ እንደመታት ሲነግረኝ፣ እኔና እሷ ከተኳረፍን አራት ዓመት አልፎን ነበር። ሽማግሌ ሳይላክ፣ እሷን ሳላስፈቅድ ቴፒ ላይ ነጋዴ አግብቼ ነው የተጣላነው። እናትና ልጅ ሲጣሉ ሞኝ እውነት ይመስለዋል ይባላል፤ የኛ ግን የምር ነበር። እኔም የዋዛ አይደለሁም፣ ካልጠራችኝ አልሄድም ብዬ በእልህ ከረምኩ። ሳንታረቅ ብትሞትብኝስ የሚለው ፍርሃት ግን እልሄን አሸነፈውና በሳምንቱ መኪና ተሳፈርኩ።

ስደርስ ከሆስፒታል ወጥታ በረንዳው ላይ ወንበር ተደርጎላት ተቀምጣለች። ግራ እጇ ጭኗ ላይ ዝም ብሎ ተጋድሟል። አፏ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ወንድሜን ታዝዘዋለች፣ ትቆጣዋለች። የእንግዳ አግዳሚ ወንበሩ በግቢው በር በኩል፣ በግራዋ ነው። ጎንበስ ብዬ ትከሻዋን ሳምኩና እዚያው ተቀመጥኩ። ዞር ብላ አላየችኝም።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

እሷ በቀኟ ወደቆመው ወንድሜ ቀና ብላ፣ «አንተ ደግሞ ምን አድርገኸኝ ነው ይቅርታው?» አለችው።

ወንድሜ «መጥታለች እኮ» አላት፤ ወደ እኔ ግን አላየችም። የኔ ደም ፈላ። ከቴፒ ድረስ መጥቼ እንዲህ ታሾፍብኛለች? አሽሙሯን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለታመመች ሴት ግን ይሄ በዛ። ራሷ እስክትጠራኝ ድረስ ከዚህ አግዳሚ ንቅንቅ አልልም ብዬ ማልኩ። ሞኝነቴ!

በሁለተኛው ቀን ጎደሬ ቀቅዬ በወንድሜ እጅ ላኩላት። ከሳህኑ ግማሹን በላችና ግማሹን ሳትነካ፣ ምነው ይህን ታህል ብቻ ሰጣችሁኝ ብላ ወቀሰችው። ሳህኑ እኮ ፊቷ ነው! የኔን እጅ ተጠይፋ ነው እንዳልል በላችው፤ በልታለች እንዳልል ተወችው። ያን ቀን ማታ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሥራ መፍታት አስጠልቷት የሚለቀም ጥሬ ቡና እንዲያቀርቡላት ጠየቀች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ለቃሚ ነበረች፤ አንዲት ጥቁር ፍሬ፣ አንዲት ጠጠር አታመልጣትም። ወንድሜ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አደረገላት። በደህናው እጇ ለቀመች፣ ለቀመችና «አለቀ» አለች። አንገቴን አስግጌ ባየው ቀኙ ወገን ፅድት ብሏል፤ ግራው ወገን ከነጠጠሩ፣ ከነስባሪው ቁጭ ብሏል። አላስችል አለኝ። ሰፌዱን መንጭቄ አዞርኩትና መልሼ ጭኗ ላይ ጣልኩት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄማ ገና ያልተነካ ነው» አለች ለወንድሜ፣ ጠጠሮቹን ማንሳት እየጀመረች።

ነገሩ አሽሙር እንዳልሆነ ያኔ ጠረጠርኩ። ከሆስፒታል የወጣችበትን ወረቀት ይዤ ያከማትን ሐኪም ፍለጋ ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትዕግሥቱ ግን የአዛውንት። አንቺ የቡና አገር ልጅ ነሽ አለኝ፤ ቀይ ቡና ሲፈለፈል ሁለት ፍሬ ፊት ለፊት ተገጣጥሞ እንደሚገኝ፣ አንጎልም በአንድ ራስ ቅል ውስጥ እንደዚያ ሁለት ክፍል ነው። መሃላቸው ወፍራም የነርቭ ድልድይ አለ፣ በእሱ ይነጋገራሉ። የቀኙ ክፍል ግራውን አካል ያዝዛል፣ የግራው ደግሞ ቀኙን። ንግግር በአብዛኛው ሰው በግራው ክፍል ነው፤ የእናቴ ግራው ስላልተነካ ምላሷ ደህና ነው። የተመታው ቀኙ ነው።

በግራዋ ያለው ካልታያት ታዲያ ዓይኗ ይታከምላታ፣ አልኩት። ዓይኗ ጤነኛ ነው አለኝ። ግራ በኩል ያለውን ነገር ልብ የሚለው ያ የተመታው ክፍል ነበር፤ ስለዚህ ከግራ የመጣ ድምፅ እንኳን ከቀኝ የመጣ ሊመስላት ይችላል። የጎደለባት ነገር እንዳለም አታውቀውም። ይሄኛው ጭራሽ አልገባኝም። ሰው የዓለም ግማሽ ሲጠፋበት እንዴት አያውቅም? ስመለስ መንገድ ላይ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩት፤ ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። ግን እኔ ግራ መኖሩን አውቃለሁ። ዛሬም ድረስ አልገባኝም።

ቤት ስገባ አግዳሚውን አልፌ በቀኟ ዞርኩና ፊቷ ተንበረከክሁ። አትኩራ አየችኝ።

«መጥታለች ካሉኝ ሦስት ቀኔ» አለችኝ። «እኔን ላለማየት ነው የሸሸችው ብዬ አንጀቴ አረረ።»

አጠገብሽ ነበርኩ ልላት አፌን ከፈትኩና ዋጥኩት። የት ብትለኝ ምን ልላት ነው?

«ዘገየሁ፣ እማዬ። ይቅር በይኝ።»

«አራት ዓመት ዘገየሽ» አለችና በደህናው እጇ አንገቴን ስባ ጉንጬን ሳመችኝ። ደጋግማ ሳመችኝ፣ አንዱኑ ጉንጬን ብቻ። እያለቀስኩ ጠበቅኋት፤ ወደ ሌላኛው አልተሻገረችም። ፊቴን እንደዚያ ሰፌድ አዙሬ ሰጠኋት።